ከደጅ የቆመውን ማን ይናገርለት ነበር?

ልጅን ስለ መንግሥት ማስተማር ከሌላው ትምህርት ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑን መምህራን ያውቁታል። ስለ ወንዝ ስናስተምር ወደ ቦርከና ወርደን ውሃውን እናሳያለን፤ ስለ ተራራም ስናስተምር ጦሳን በጣታችን እናመለክታለን። «መንግሥት ምንድር ነው? ዴሞክራሲስ ምን ማለት ነው?» ብሎ ተማሪው የጠየቀን እንደ ሆነ ግን፣ በጣት የሚያመለክቱት ነገር ስለማይገኝ፣ መጽሐፉ የሰጠንን ፍቺ በጥቍር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ልጁም በደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ከፈተናም በኋላ ይረሳዋል።

በዚህ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ተፈጽሞ ትምህርት ቤት ጥቂት ቀን በተዘጋ ጊዜ፣ ቤተ ሰባችንን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ቈረጥን። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መጨረሻ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ «አንድነት ፓርክ» ተመርቆ ለሕዝብ ተከፍቶ ነበርና፣ ዳግማዊ ምኒልክ የቈረቈሩትን፣ ከእርሳቸውም በኋላ የመጡት መንግሥታት በየተራ የተቀመጡበትን ስፍራ ልጆቻችን በዓይናቸው አይተው ነገሩን እንዲረዱት ወደድን። የሄድነው አምስት ሰዎች ነበርን፤ እነዚህም እኛ፣ ባለቤታችን፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጃችን፣ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችንና በሰኞ ገበያ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አረጋዊት እናታችን ነበሩ።

እናታችን በመጀመሪያ «እኔን ቤተ መንግሥት ምን ይሠራልኛል? አዲስ አበባ ካሉት አድባራት አንዱን ካሳለማችሁኝ ይበቃኛል» ብለው ነበር። ልጆቹ ግን ያለ እርሳቸው አንሄድም ስላሉ ፈቀዱ። ከደሴ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ ጣርማ በርን በዋሻው ውስጥ ተሻግረን፣ በደብረ ብርሃን እህል ቀምሰን፣ ወደ ማታ ገደማ ደረስን። እናታችን በመንገድ ሁሉ ዝም ብለው በመስኮት ያዩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ይኽን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ አቤት የሚል ሰው ምን ዓይነት ጕልበት ይኖረው ይሆን?» አሉ። የንግግራቸው ምሥጢር የተገለጠልን በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ ጧት ወደ ግቢው ገባን። ወንድ ልጃችን ከሁሉ አስቀድሞ የክልሎቹን ማሳያ ቤቶች እየሮጠ ቈጠረ፤ በዚያን ጊዜ ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ። ቈጥሮ ከጨረሰም በኋላ ፊቱን አጥቍሮ ተመለሰና «የወሎስ ቤት የት አለ?» ብሎ ጠየቀን። ወሎ በአማራ ክልል ውስጥ መሆኑን አስረድተን፣ ነገር ግን በአንዱ በወሎ ውስጥ አማርኛውም፣ ኦሮምኛውም፣ አርጎብኛውም እንደሚነገር፣ ክርስቲያኑና እስላሙም በአንድ ጕርብትና እንደሚኖሩ ነገርነው። እርሱም ጥቂት አስቦ «እንግዲያውስ ወሎ ራሱ ትንሽ አገር ነው» አለ። መልሱ ደስ አሰኘን።

ከዚያ ቀጥለን ወደ ጥንቶቹ ሕንጻዎች አለፍን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ በዚህ ኰረብታ ላይ ያሠሩት ግቢ፣ መኖሪያም፣ ችሎትም፣ የግብር ስፍራም ነበረ። የምታስጐበኘን ወጣት ሴት፣ በታላቁ የግብር አዳራሽ መካከል ቆማ ሥርዐቱን ዘረዘረችልን። በመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ መኳንንት ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ ቀጥሎ መጋረጃው ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ ሹሙ፣ ወታደሩ፣ ባለሟሉ፣ በመጨረሻም ተራው ሰው እንደየማዕርጉ በተራ እየገባ ይበላል፤ በአንድ ቀን የሚጋበዘውም ሰው በሺህ ይቈጠር ነበር። የኛም አገር ሰው የንጉሥ ሚካኤልን የደሴውን አዳራሽ «አይጠየፍ» የሚለው፣ ድኻና ሀብታም ሳይለይ ሁሉን የሚቀበል ነበረ በማለት መሆኑን ለልጆቻችን አስታወስናቸው።

በዚህ ጊዜ እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አስጐብኚዋ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ እዚህ የገባው ሁሉ በልቷል፤ መልካም ነው። ከደጅ የቆመውን፣ ከደጁም ያልደረሰውን ማን ይናገርለት ነበር?» ብለው ጠየቋት።

አስጐብኚዋ በአክብሮት እጅ ነሥታ «እማማ፣ ያን ጊዜ ደጅ ጥናት ነበረ። በደል የደረሰበት ሰው መጥቶ ደጅ ይጠናል፤ አቤት ይላል፤ ዕድል የቀናው እንደ ሆነም ከዙፋን ችሎት ቀርቦ ይሰማለታል» ብላ መለሰችላቸው። መልሱ እውነተኛ ነው። እናታችን ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «አብሽሪ፤ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። አቤት ለማለትም ጕልበት ያስፈልጋል ብዬ ነው» አሉ። ከዚህም በኋላ በአዳራሹ ዳር ተቀምጠው፣ እኛ በልጅነታችን በቍርጥራጭ የሰማነውን ታሪክ፣ ለልጆቻችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው።

በ1965 ዓ.ም. እናታችን የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በአምባሰል ቆላ ዝናሙ ቀረ፤ አዝመራው ጠፋ፤ አባታቸው በሬዎቹን እጅግ በረከሰ ዋጋ ሸጦ ያን በልተው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ አባት፣ እናታችንና የስድስት ዓመት ወንድማቸው ወደ ደሴ በእግራቸው ተነሡ። ሕፃኑ ሐይቅ ሳይደርሱ በመንገድ ላይ ዐረፈ፤ ከአንዲት ዛፍ ሥርም ቀበሩት። አባትና ልጅ ሰኞ ገበያ በደረሱ ጊዜ ግን ያዩት ነገር ከረኃቡ ይልቅ አስደነቃቸው። ጤፉም፣ ማሽላውም፣ ሽንብራውም በገበያው ላይ ተከምሮ ይሸጥ ነበር። እናታችን «እህሉ ሞልቷል፤ እኛ ጋ ግን ገንዘብ የለም። እህል አጥተን ሳይሆን፣ እህል እያየን ተራብን» አሉ። አባታቸው ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሄዶ አቤት ቢል፣ ከበሩ የቆመው ሰው «ረኃብ የሚባል ነገር አልተሰማም፤ ወደ አገርህ ተመለስ» አለው። በዚያው ዓመት ከክረምቱ በኋላ አባት በመጠለያ ሞተ። እናታችንን አንዲት ቡና የሚሸጡ እስላም ሴት ከቤታቸው አስገብተው እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ ጾማቸውንም ሲጾሙ የጾም ምግብ ለብቻ ይሠሩላቸው ነበር።

ሴት ልጃችን የአያትዋን እጅ ይዛ ነበር። ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ወደ ዙፋን ቤቱ ስንገባ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ከሰም ተሠርቶ በዙፋን ላይ ተቀምጦ አየነው። ወንድ ልጃችንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ያስራቡሽ እኒህ ናቸው?» አለ። እኛ ዝም ልናሰኘው ስንል እናታችን ከለከሉን። ምስሉን ለብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ነፍሳቸውን ይማር። ልጄ፣ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም የሚያስርብ። መልካሙን ብቻ የሚነግሩት ሰውም ሳያውቅ ያስርባል። ‹ክፉውንም ንገሩኝ› ማለት ግን የንጉሡ ፈንታ ነበር» አሉ።

መምህር እንደ መሆናችን በዚያ ስፍራ ስለ ሕጉ ጥቂት ነገር ለልጆቻችን አስረዳን። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ ያረቀቁትም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በዚያ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቢቋቋሙም፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ሳይሆን በመኳንንቱና በሹማምንቱ የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና፣ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆነው ከምክር ቤት ገቡ። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ዳሩ ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ እንጂ እንደራሴዎቹ አልነበሩም፤ ጋዜጣውም በመንግሥት እጅ ነበረ። እንግዲህ የወሎ ሰው በተራበ ጊዜ፣ ጩኸቱን የሚያደርስለትም፣ ችላ ያለውን ሹም ከወንበሩ የሚያስነሣለትም ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረውም። ሴት ልጃችን ይህን ሰምታ «እንግዲያው ምክር ቤት ነበረ፤ አፍ ግን አልነበረውም» አለች። በጥቍር ሰሌዳ ላይ በብዙ ዓመት ያልጻፍነውን ፍቺ ልጃችን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረችው።

ከዚህ በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረደ በኋላ፣ ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን ያሰረው በዚሁ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ነበር። ረኃቡን ደብቃችኋል የሚለው ክስ ከዋናዎቹ ክሶች አንዱ ነበረ። ነገር ግን ለክሱ ፍርድ ቤት፣ ለተከሳሹም ጠበቃ ሳይሰጥ፣ ሕዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ተረሸኑ፤ ከእነርሱም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ይገኙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ እንዳሉ ሞቱ፤ ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቈፍሮ ወጣ፤ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

እናታችን በምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ስለ ሟቾቹ ጸለዩ። ባለቤታችን «እማማ፣ ስለ እነርሱም?» ብትላቸው «ስለ እነርሱም። የወንድሜን ደም በዚህ መልሱልኝ ብዬ የላክሁት ሰው የለም። እነርሱ ተጠይቀው ቢመልሱ ኖሮ ለሚቀጥለው ሹም ትምህርት ይሆን ነበር። ተገድለው ዝም ካሉ በኋላ ግን ማን ተማረ?» አሉ። የኋላው ታሪክ ቃላቸውን አጸናው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ በዓልና የሠራተኞቹን ፓርቲ ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር፤ በኮረም ሜዳ የወደቀውንም ሕዝብ ዓለም ያየው ከበዓሉ በኋላ በጥቅምት ወር በውጭ አገር ቴሌቪዥን ነው። የግብሩን አዳራሽ የነቀፉት ሰዎች ራሳቸው ሌላ አዳራሽ ሠርተው፣ ከደጅ ያለውን ሳይሰሙ ቀሩ።

በዚያን ቀን ማታ ባረፍንበት ቤት ሆነን ነገሩን ስናወራ፣ አንድ የውጭ አገር ሊቅ የጻፈውን ለቤተ ሰባችን ነገርናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረኃብ መርምሯል። እርሱ እንዳገኘው፣ በዚያ ዓመት በመላው ኢትዮጵያ የነበረው እህል ያን ያህል አልጐደለም ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የወጣ እህል ነበረ። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ግን የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ገበያው ወደ እርሱ ሊደርስ አልቻለም። ይኸው ሊቅ ደግሞ በኋላ በጻፋቸው መጻሕፍት፣ ሕዝብ ገዢዎቹን በሚመርጥበትና ጋዜጣ በነጻነት በሚጽፍበት አገር ትልቅ ረኃብ ደርሶ እንደማያውቅ አስረድቷል፤ ምክንያቱም በምርጫ የሚወርድ ሹም ሕዝቡ እየተራበ ሊተኛ አይችልም። እናታችን ይህን ሰምተው «እኔ በሰኞ ገበያ ያየሁትን እርሱ በመጽሐፍ አገኘው? ይበል» ብለው ፈገግ አሉ።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። በድቁና ትምህርት ያደግን ሰዎች በየሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ እናውቀዋለን። በኢየሩሳሌም በነበረችው ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ማዕድ ሲታደል የአንዱ ወገን መበለቶች ተዘነጉ፤ ወገኖቻቸውም አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? ያንጐራጐሩትን ዝም አላሰኙም፤ «ረኃብ የለም» ብለውም አልመለሱም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው፣ ከመካከላቸው መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ ነገሯቸው፤ የተመረጡትንም እጃቸውን ጭነው ሾሙ። ዲቁና የተጀመረው እንግዲህ ማዕድ ያልደረሰው ሰው ጩኸቱ ስለ ተሰማና ሕዝቡ ራሱ አገልጋዮቹን ስለ መረጠ ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስም የሰባቱ አለቃ ሳለ ለማዕድ የተመረጠ ነበረ። በቤተ ክርስቲያናችን ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ወኪሎቻቸውን እየመረጡ የሚያስተዳድሩበት መሆኑ የዚሁ ሥርዐት ፍሬ ነው።

በደጅ ጥናትና በምርጫ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ እንዲህ አድርገን ለተማሪዎቻችን እናስረዳለን። በደጅ ጥናት ጊዜ የተቸገረው ሰው 400 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ወደ መንግሥት ደጅ ይሄዳል፤ የደከመው በመንገድ ይወድቃል። በእውነተኛ ምርጫ ጊዜ ግን መንግሥት ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ድኻው ቀበሌ ይመጣል፤ የገዢው ዕጣም በድኻው ጣት ላይ ይወድቃል። እውነተኛ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአገራችን ሕዝብ ከንጋት በፊት ጀምሮ እንዴት ተሰልፎ እንደ ዋለ፣ ከዚያም በኋላ በተነሣው ክርክር ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ የምናስታውስ ሰዎች፣ ሣጥን ብቻውን እንደማይበቃ እናውቃለን። የተቈጠረውን ማክበር፣ የተሸነፈውን አለመግፋት፣ የተናገረውን አለማሰር ከሌሉ ሣጥኑ ያው ዕቃ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በደሴ ምርጫ በተደረገ ጊዜ እናታችን በምርኵዝ ተደግፈው፣ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ሄዱ። ከዚያ በፊት ለቅስቀሳ ወደ ሰፈራችን የመጡትን ሁሉ የጠየቋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ስንራብ የምትናገሩት ለማን ነው? እነርሱስ ዝም በሉ ቢሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ስለ ፋብሪካ ተናገረ፤ አንድ ወጣት ግን አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ይህን ጥያቄ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ አስቤበት እመለሳለሁ» አላቸው። ተመልሶ መጥቶ እንደ ሆነ ለማወቅ ጊዜ አላገኘንም፤ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ፤ ብዙ ቤት ተፈታ፤ የከተማችንም ሙዚየም ተዘረፈ። ከተማዪቱ በሕዳር ወር መጨረሻ ነጻ ከወጣች በኋላ ልጆቻችን ወደ ሙዚየሙ ደጅ ሄደው ባዶ መደርደሪያ እንደ ቀረ ሰምተው በመጡ ጊዜ፣ ሴት ልጃችን «በአዲስ አበባ ያየነውን በደብተሬ መጻፌ በጀ» አለች።

ወላጆች ሆይ፣ የምትችሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ይህን የመሰለ ስፍራ ጐብኙ፤ አረጋውያኑንም ከቤት አትተዉአቸው። ሕንጻው የነገሥታቱን ታሪክ ይነግራችኋል፤ ከደጅ የቀረውን ሰው ታሪክ የሚነግሩአችሁ ግን እነርሱ ናቸው። ሩቅ መሄድ ያልቻላችሁም በቤታችሁ ማዕድ ጀምሩ። ትንሹ ልጅ የጐደለበትን ሲናገር አትገሥጹት፤ አድምጡት፤ ሠራተኛይቱም ብትሆን በቤታችሁ የምትናገርበት ጊዜ ይኑራት። በእድሩም፣ በማኅበሩም፣ በሰበካ ጉባኤውም ምርጫ በደረሰ ጊዜ ቀርታችሁ ከኋላ አትማረሩ። በገበታ ዙሪያ «የጐደለኝ አለ» ማለትን ያልለመደ ልጅ፣ አድጎ በአገር ፊት እንዲለው መጠበቅ አይቻልም፤ በገበታ ዙሪያም ያልደረሰውን ሰው መጠየቅ ያልለመደ ልጅ፣ ሹም በሆነ ጊዜ ከደጁ የቆመውን አያይም።